በር ላይ የቆመችው ሴትዮ

ሰኞ

ጆሮ! ግማሽ ቀኔን የአንድ ሰው ጆሮ በላው። ሰፈሩ ውስጥ ፎቶ በስልክ ብለር የሚያደርጉት ልጆች የፎቶውን ጀርባ ሲያደበዝዙ ጆሮውንም ፀጉሩንም አብረው ይልሱታል፤ ሰውየው የተላጠ ድንች መስሎ ይወጣል። እኔ ግን በኮምፒውተር ዳር ዳሩን እየተከተልኩ ሰውየውን ለብቻው እለያለሁ፣ ከዚያ ጀርባውን ብቻ አደበዝዛለሁ። ሥራ ማለት እንዲህ ነው። ራሴን ባላመሰግን ማን ያመሰግነኛል?

ባለ ጆሮው አብዱ ይባላል። ቢሮ የገባ፣ ሱፍ የለበሰ፣ ሊያገባ የደረሰ። ሽቶው እስካሁን ስቱዲዮዬን አልለቀቀም። ፎቶውን ጓደኛው ግቢያቸው ውስጥ በስልክ አንስቶታል። በትልቁ ታትሞ ለሚያገባት ልጅ ቤተሰብ ይሄዳል። ጀርባው ግን ጉድ ነው፦ የቀርከሃ አጥር፣ ቢጫ ጀሪካን፣ ቆርቆሮ ላይ የተሰጣ ባሚያ። በሩ ላይ ደግሞ ማንጎ የሞላ አበባማ ሳፋ የታቀፈች አሮጊት፣ ቀጥ ብላ ካሜራውን የምታይ።

"ሁሉንም ብለር አድርጊልኝ እህቴ። በተለይ ሴትዮዋን። ማን እንደሆነች እንዳትለይ" አለኝ።

ማናት ስለው "እንዲሁ ናት፣ ማንጎ የምትሸጥ" አለ።

አደበዘዝኳት። ፊቷ ላይ ሁለቴ ደገምኩበት። የወለደቻት እናቷ ብትመጣ አትለያትም።

ማክሰኞ

አብዱ ፎቶውን ወሰደ። ጆሮውን እያየ ፈገግ አለ፤ ገባው ማለት ነው።

እኔም እንደ ልማዴ ሁለቱን ጎን ለጎን አትሜ በመንገድ በኩል ያለው መስታወት ላይ ለጠፍኩ። "በፊት" እና "በኋላ"። አላስፈቀድኩትም። ማንንም አስፈቅጄ አላውቅም፣ ደንበኛ የሚመጣልኝ በዚህ ነው። የባጃጅ ሾፌሮቹ ቆመው አዩት። አንዱ "ሴትዮዋን ምን አደረግሻት፣ ዋጥሻት እንዴ?" ብሎ ሁሉንም አሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ረቡዕ

መብራት የለም። ዝናብ። ምንም።

ሐሙስ

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

አንዲት ሴትዮ መስታወቱ ፊት ብዙ ቆመች። ፀሐይ የምትሸሽ መስሎኝ ነበር። ስትገባ መጀመሪያ ያወቅኩት ሳፋውን ነው። አበባማው ሳፋ። ባዶውን ታቅፋዋለች።

"ያ ቢንቲ፣ ይሄ ልጄ ነው። አብዱ።" በጣቷ አሳየችኝ። "ይሄ እኔ ነው። እዚህ አለሁ። እዚህ ጠፋሁ።"

ያ ቢንቲ ማለቷ ልጄ ስትለኝ ነው። አፏን የፈታችው በቤርታኛ ነው፤ በአማርኛ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የምትለው። እናቱ! እንዲሁ ናት ያላት እናቱ ናት!

ቀጥላ የጠየቀችኝን መቼም አልረሳውም። "ተነቃነቅኩ?"

ድሮ መታወቂያ ሲወጣ ፎቶ አንሺው ሁሉንም "አትነቃነቁ!" ይላቸው ነበር አለችኝ። የተነቃነቀች ጎረቤቷ ፊቷ ጭስ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ካሜራ ስታይ ትንፋሿን ትይዛለች። የዚያን ቀንም የአብዱ ጓደኛ ስልኩን ሲያነሳ ማንጎውን እንደታቀፈች ቀጥ ብላ ቆማለች። ሁለት ጊዜ ያነሳቸው መስሏታል፤ አንዱ ላይ የቆመች፣ አንዱ ላይ የተነቃነቀች።

"ወላሂ አልተነቃነቅኩም። ማንጎ ከብዶኝ ይሆን?"

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው። "አዎ እማማ፣ ትንሽ ተነቃንቀዋል" አልኩ።

ጭኗን መታች። "የልጄን ፎቶ አበላሸሁ! ለአማቶች የሚሄድ ፎቶ!" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ለአብዱ አትንገረው። ይናደዳል" አለችኝ።

ሁለቱም ደህና የወጡበትን አንድ እንዳትምላት ለመነችኝ። ቅዳሜ ይምጡ አልኳት። እንደወጣች ከመስታወቱ ላይ ሁለቱንም ቀደድኩ። ምን ዋጋ አለው? አይታዋለች።

ዓርብ

አብዱ ጋ ደወልኩ። "ሴትዮዋ ፎቶ ፈልጋ መጣች። እናትህ ናት እንዴ?"

 መጀመሪያ የጠየቀው "ነገርሻት?" ነው። ደነገጠች ወይ አላለም፣ አለቀሰች ወይ አላለም። አልነገርኳትም ስለው "አላህ ይስጥሽ" ብሎ ተነፈሰ።

የልጅቷ ቤተሰቦች እናቱ ሱቅ ያላት ነጋዴ ነው የምትመስላቸው። እሱ ነው እንዲህ ያላቸው። ከሠርጉ በኋላ ቀስ ብሎ ያስረዳቸዋል። "እሷ ያለችበትን እንዳትሰጫት፣ ይዛ ትዞራለች" ብሎ ዘጋው።

ነደድኩ! ምን አይነት ሰው ነው? ፋይሉን ከፈትኩና ገልብጬ ሠራሁት። እሷን ለየሁ፤ የፊቷን ሽብሽብ፣ የነጠላ ጫማዋን ማሰሪያ፣ ማንጎዎቹን አንድ በአንድ። እሱን ከነሱፉ አደበዘዝኩት። ለጆሮው አልተጠነቀቅኩም።

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልዋሽ። ለእሷ ብዬ ብቻ አይደለም። ወረቀቱን አይታ የልጇን ሥራ ራሷ እንድትደርስበት ነው፤ ከእኔ አፍ እንዳይወጣ። ፈሪ ነኝ።

ቅዳሜ

ከገበያ በፊት መጣች። ንጹህ ቶብ ከራሷ ጀምራ ተከናንባለች። ሦስት ማንጎ አመጣችልኝ፣ ትልልቆቹን።

ፎቶውን ሰጠኋት። መጀመሪያ ራሷን አየች። "አልሃምዱሊላህ፣ ቆሜያለሁ!" አለች። ጣቷን ፊቷ ላይ አሳለፈች። ከዚያ ጣቷ ወደ ልጇ ሄደና ቆመ።

ጠበቅኩ። አሁን ይገባታል አልኩ።

"አብዱም ተነቃነቀ?"

 ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፣ አራቀች፣ ደግማ አስጠጋች። ከዚያ አፏን በቶቧ ሸፍና ሳቀች፤ እንደ ልጃገረድ ነው የሳቀችው።

"እኔን ሊያይ ዞሮ ነው" አለች።

ነገ አማቶቹ ይመጣሉ፣ አሳያቸዋለሁ አለችኝ። መርቃኝ ወጣች። ባጃጁ ውስጥ ገብታ ለሾፌሩ ስታሳየው በመስታወቱ አየኋት። ጣቷ የደበዘዘው ላይ ነበር።

እውነቱን ልነግራት አልጠራኋትም።