«ጠበቃ ገና ነው» ላሉን ለአቶ ጀርቬስ ፔምበርተን

ለክቡር አቶ ጀርቬስ ፔምበርተን
የፔምበርተንና ልጆቹ የቤት ሽያጭ ወኪል ባለቤት
ሆልምስዊክ፣ ዮርክሻየር

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ በኩል ሲደርስዎ፣ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ቢሮዎ የገባውን ደንበኛ ሁሉ በሁለት እግሩ ቆሞ የሚቀበለው ጠጉራም ውሻዎም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኛም ደህና ነን፤ ለዚህም ቢሆን የእርስዎ እጅ የለበትም አልልም።

የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዛ ሰው ጠበቃ መያዝ ያለበት መቼ ነው ለሚለው ጥያቄ፣ እንደ እርስዎ በትዕግሥት፣ በፈገግታና ሻይ እየቀዳ ያስተማረን ሰው የለም።

እንደሚያስታውሱት፣ ባያስታውሱም አይፈረድብዎትም፣ እኔና ባለቤቴ ኮሊን ከአባቴ ከዊልፍ ጋር አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። አባቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ጉልበቱ ከከዳው ወዲህ ደረጃው አላስወጣ አላስወርድ ብሎት፣ ዕድሜ ልኩን ትልቁን ጥሩንባ ሲነፋበት ከኖረው የማርሽ ባንድ ቀርቷል። ቤት ውስጥ እንዳይነፋ ደግሞ የታች ጎረቤቶቻችን ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባሉ። ስለዚህ እርስዎ ዘንድ የመጣነው ቤተ መንግሥት ፈልገን ሳይሆን አባቴ በእግሩ የሚወጣበት በር ፈልገን ነበር። እርስዎም የአቶ ክላይቭ ስታብስን ቤት አሳዩን፤ አንድም ደረጃ የሌለው፣ ከኋላው የጓሮ አትክልት ቦታ ያለው። አባቴ በሩን ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ እያለ ሲስቅ አይተውታል። ቅሬታዎቼም ከዚህ ይጀምራሉ።

አንደኛ። ቤቱን ባየን ዕለት ጠበቃ መፈለግ እንጀምር ወይ ብዬ በትሕትና ብጠይቅዎ፣ «ኧረ የኔ እመቤት፣ ምን አስቸኮለሽ? ዕቃ ሳትገዢ ደረሰኝ ትጠይቂያለሽ እንዴ? ገና ነው!» አሉኝ። አፈርኩ፤ ሻዬንም ጠጣሁ።

ሁለተኛ። አቶ ስታብስ ያቀረብነውን ዋጋ ተቀብለው የአባቴን እጅ ሲጨብጡ፣ አሁንስ ብዬ በድጋሚ ጠየቅኩ። እርስዎም ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ «ገና ነው። ሰውየው ቃሉ ቃል ነው። ከአሁኑ ጠበቃ ብትልኪበት ቅር ይለዋል» አሉ። በአገራችን ሁለቱ ጠበቆች ውል እስኪለዋወጡ ድረስ እሺታ ሁሉ ባዶ እሺታ እንደሆነ እርስዎ ከኛ በተሻለ ያውቃሉ። እኛ ግን ሰው ከምናስቀይም ጣሪያው ቢያፈስብን የምንመርጥ ሰዎች ነንና፣ ጠበቃ ልንልክ በሚገባን ሰሞን ለአቶ ስታብስ የሎሚ ኬክ ጋግረን ላክን። ኮሊን ነገሩ ከንክኖት «ጠበቃውንስ?» ቢል፣ አባቴ «እጄን በጨበጠኝ ሰው ላይ ጠበቃ? ኧረ ነውር ነው!» ብሎ ተቆጣ። አቶ ስታብስን አስፈቅዶም ጓሯቸው ውስጥ ባሮ ሽንኩርት ተከለ። አቶ ስታብስ በመስኮት ሆነው ኬኬን እየበሉ ይመለከቱት ነበር።

ሦስተኛ። በመጨረሻ ጨክነን ጠበቃ መርጠናል ልንልዎ ቢሮዎ ስንመጣ፣ ጠበቃቸውን አስቀድመው ይዘው ከሊድስ ከተማ የመጡ ባልና ሚስት ውል ተለዋውጠው ቤቱ የእነሱ ሆኗል። እርስዎም ራስዎን እየነቀነቁ፣ «ውይ! ትንሽ ዘገያችሁ እኮ። ሌላ ጊዜ ጠበቃችሁን ቀደም ብላችሁ ያዙ እንጂ!» ብለው መከሩን።

ክቡር ሆይ፣ በ«ገና ነው» እና በ«ዘገያችሁ» መካከል ልክ የሆነች ሰዓት ነበረች ብዬ እገምታለሁ። ምናልባት ያለፈችው እኛ እርስዎ ዘንድ ተቀምጠን ሁለተኛውን ሻይ ስንጠጣ ይሆናል። ሻዩ ግን ጥሩ ነበር፤ አልዋሽም።

አራተኛው ቅሬታዬ ስለ ውሻዎና ስለ ኮሊን ሱሪ ነበር፤ ትቼዋለሁ።

አንዱን ግን ያለ ቀልድ ልናገር። አባቴ ያን ዕለት ማታ እራቱን አልበላም። ጥሩንባውን አውጥቶ ሲወለውል ቆየና፣ «አሁን ባሮ ሽንኩርቱን ማን ውኃ ያጠጣዋል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ያም ሆኖ ትምህርትዎ መና አልቀረም። ይህን የምታነቡ አዲስ ቤት ገዢዎች ሆይ፣ ጠበቃችሁን ቤት ማየት ሳትጀምሩ ምረጡ፤ ዋጋችሁን እሺ ያሏችሁ ዕለት ሥራ አስጀምሩት፤ የሚቀየም ይቀየም። ኬኩን ከውል በኋላ ጋግሩ።

የደግነትዎን ስፋት፣ የምክርዎን ጥልቀትና የሻይዎን ሙቀት ዘወትር እያሰብኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣

ሄዘር ኦልድሮይድ
ለጊዜው ከሦስተኛ ፎቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለጊዜው ያልኩበት ምክንያት አለኝ። በሌላ ወኪል በኩል ምንም ደረጃ የሌለው ቤት አግኝተናል። ልናየው የሄድን ዕለት ከጎረቤት ግቢ በአጥሩ ላይ በሁለት እግሩ ቆሞ የተቀበለንን ጠጉራም ውሻ የት እንደማውቀው ወዲያው ትዝ አለኝ። አዎን ክቡር ሆይ፣ የመኝታ ቤትዎ ግድግዳ ከአባቴ ክፍል ግድግዳ ጋር አንድ ነው። አስቀድመን የያዝናት ጠበቃችን ባለፈው ሐሙስ ውል ተለዋውጣለች፤ የቤቱንም ሰነድ ፊደል በፊደል አንብባ ጥሩንባ መንፋትን የሚከለክል አንድም ቃል እንደሌለበት አረጋግጣልናለች። አባቴ ብዙ ስለቆየ ከንፈሩ እስኪፍታታ ድረስ ማለዳ ማለዳ ሊለማመድ አስቧል። እርስዎም ምናልባት ጠበቃ ስለ መያዝ ማሰብ ጀምረው እንደሆነ፣ ኧረ የኔ ጌታ፣ ምን አስቸኮለዎት? ገና ነው!