ለእማዬ ጆሮ የተሠራ ሙዚቃ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም መሀል ላይ ታርፊያለሽ? ከሁሉም በላይ ጆሮሽ እንዴት ሰነበተ? እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው አላስቀምጥ ያለኝ። በወረቀት የምጽፍልሽ፣ በስልክ ስናወራ ሳትሰሚኝ «እሺ፣ እሺ» እንደምትዪ ስለደረስኩበት ነው። ወረቀት ላይ ማምለጫ የለሽም።

ሥራዬ ያው የሆቴሉ ላውንደሪ ነው። ቀኑን ሙሉ አንሶላ እተኩሳለሁ። አለቃችን ሰው መሆናችን ትዝ የሚላት አንሶላ ሲቃጠል ብቻ ነው። እሑድ እሑድ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ሥራ ስለምትገባ ክፍሉ ለእኔ ይቀራል፤ ያኔ አሮጌዋን ኮምፒዩተር አልጋው ላይ አድርጌ፣ አንቺ «የማሽን ዘፈን» የምትዪውን ሙዚቃዬን እሠራለሁ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም አልጨረስኩም። አርባ አንድ ጀምሬያለሁ። ጊዜ አጣሁ እያልኩ ሰውን ሁሉ አሳምኛለሁ፣ ራሴንም ጭምር። ምድር ቤት ሬዲዮና ድምፅ ማጉያ የሚጠግነው ጎረቤታችን ሁሉንም አንድ በአንድ ሰማና፣ «ይሄ ሁሉ በር ነው፤ ቤቱ የታለ?» አለኝ። ተናደድኩበት። ግን ልክ ነበር። ያላለቀን ነገር ማንም መጥፎ ነው አይለውም፤ እኔም እዚያ ተደብቄ ነው የኖርኩት።

ሐኪሙ የቀረው ጆሮሽም ከዓመት ላያልፍ ይችላል ማለቱን ወንድሜ ሲነግረኝ ግን፣ ልጄ ምን ስትሠራ ኖረች የሚለውን ሳታውቂው ሊዘጋ ነው አልኩ። ተጣድፌ አንዱን ቀጣጠልኩና ላክሁልሽ። ደወል የሚመስሉ ቀጫጭን ድምፆች ነበሩበት፤ ከሁሉም የምወዳቸው እነሱን ነበር። ስልኩን ጆሮሽ ላይ ይዘሽ እስከ መጨረሻው ከቆየሽ በኋላ፣ «ተጀመረ እንዴ?» አልሽው አሉ። ወንድሜ እየሳቀ ነው የነገረኝ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ገብቼ አለቀስኩ።

ጠጋኙን ጠየቅኩት። ሠላሳ ዓመት ክር ፋብሪካ ውስጥ የዋለ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው፣ ወፍራሙ ይቆያል አለኝ። ስለዚህ እነዚያን ቀጫጭኖች አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። በቦታቸው ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ ሰው ሲራመድ የሚመስል ድምፅ አስገባሁ። የትኛው ድምፅ የትኛውን እንደሚሸፍን እሱ አሳየኝ፤ ይህን ሳልጨርስም አዲስ እንዳልጀምር አስማለኝ። አራት እሑድ ፈጀብኝ። አለቀ፣ እማዬ። ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው። ያለ ቀጫጭኖቹ እኔ ብዙም አልወደውም፤ ግን ለአንቺ ነው የሠራሁት።

ወንድሜ በትልቁ ድምፅ ማጉያ ይከፍትልሻል። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፣ እኔን ደስ ለማሰኘት ብለሽ «ሰማሁ» አትበዪኝ። ካልሰማሽ አልሰማሁም በዪኝ፤ እንደገና እሠራዋለሁ። ጆሮሽ እስካለ ድረስ እሠራዋለሁ።

ወንድሜን ሰላም በዪልኝ፤ ስለ ሳቁ አልተቀየምኩትም። ሚስቱን ፀጉርሽን ስለምታጥብልሽ አመስግኚልኝ። አክስቴንም ለወገቧ እግዜር ይማርሽ በያት። ትንሿን የወንድሜን ልጅ ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ሙዚቃው ሲከፈት እሷ መጨፈሯ አይቀርም፤ አደራሽን፣ እሷን አይተሽ ሰማሁ እንዳትዪኝ።

ልጅሽ
ከሆቴሉ ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ
እሑድ፣ የካቲት ፱ ቀን