ቢተው የመረጠው ዋንዛ

ጥቅምት 14
የእትዬ ጥሩብርሃንን ሳሎን ጀመርኩ። እዚህ ደብረ ማርቆስ ወለሌን በሙሉ እንጨት አልብሱልኝ የሚል ሰው ብዙ አይገኝም። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሴራሚኩ እግራቸውን እያቀዘቀዘ አስቸገራቸው። ጣውላው የሚያርፍባቸውን ሞራሌዎች ደርድሬ በውሃ ልክ አየሁ። ደህና ነው።
ጣውላው ዋንዛ ነው። የሥራ ጓደኛዬ ቢተው ነው ጉንደ ወይን ድረስ ሄዶ አንድ በአንድ እያንኳኳ የመረጠው። ነሐሴ ላይ። ከዚያ መንገድ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ... መንገዱ ሲከፈት ጣውላው መጣ። እሱ አልመጣም። ስልኩም አይጠራም።

ጥቅምት 16
ብቻዬን መሥራት አልለመድኩም። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሱ ይመታል። እንዲህ ነበር። ጣውላ ሲያልቅበት አይጣራም፤ አፉ ውስጥ ምስማር አለ። ከወዲያኛው ክፍል ወለሉን ሁለቴ ያንኳኳል። አምጣ ማለት ነው።
ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተንኳኳ።
ጣውላ አንስቼ ሄድኩ። በሩ ጋ ስደርስ ነው የነቃሁት። ክፍሉ ባዶ ነው። ጣውላውን ታቅፌ ቆምኩ...

ጥቅምት 17
እንጨቱ ነው። ፀሐይ ሲያገኘው ይንጣጣል። ቢተው ራሱ "እንጨት ከሞተም በኋላ ይተነፍሳል" ይል የለ? ለዚህ አይደል ከግድግዳው ሥር ክፍተት የምንተውለት?
አዎ። እንጨቱ ነው።

ጥቅምት 20
እትዬ ጥሩብርሃን ከጓሮ ገቡ።
"አምሳሉ፣ የሚያግዝህ ሰው አገኘህ እንዴ?"
"ኧረ አላገኘሁም እትዬ።"
"ታዲያ መኝታ ቤት የሚያንኳኳው ማነው?"
እንጨቱ ነው አልኳቸው። አዩኝና አማተቡ። ነርስ ናቸው። ስንት ነገር ያዩ ሰው ናቸው...

ጥቅምት 22
የቢተው ሚስት የኔአለም መጣች። ሁሌም ከቅዳሜ ገበያ ስትመለስ በዚህ በኩል ታልፋለች። በር ላይ ትቆማለች እንጂ አትገባም።
"ወሬ አለ?"
"የለም።"
ሌላ ትዳር ይዞ ይሆናል የሚል ጎረቤት አለ። ሞቷል የሚልም አለ። እሷ ጥቁር አልለበሰችም። "አልቅሼበት ቢመጣስ? ሟርት ይሆንብኛል" አለችኝ። ዛሬ ግን ጫማዋን አውልቃ ገባች። ጎንበስ ብላ ወለሉን ዳሰሰችው።
"ይሄን እሱ ነክቶታል?"
"ሁሉንም ነክቶታል።"
እጇን ቶሎ አላነሳችም።

ኅዳር 1
ልጻፈው።
ጣውላ ሻጩ አብይ ከጉንደ ወይን መጣ። ወለሉን ሊያይ የመጣ መስሎኝ ነበር። አላየውም። ቁጭ አለ።
"ያ ጓደኛህ... ግራ እጁ ላይ ጣት ይጎድለዋል?"
የትንሿን ጣት ጫፍ መጋዝ ወስዶበታል። እኔ ነኝ በጨርቅ ያሰርኩለት።
"አዎ" አልኩት።
ያን ቀን ቢተው ጣውላውን መርጦ፣ በኋላ እንዲጫን ትቶት፣ በአይሱዙ ተሳፈረ። ዝናብ ነበር። ከከተማው ወጣ እንዳሉ መኪናው ተገለበጠ። ሾፌሩም እሱም አልተረፉም። ሻንጣውን ጎርፍ ወሰደው፤ መታወቂያ የለ፣ ስልክ የለ። የአገሬው ሰው አጥቦ ቀበረው። አብይ በማግስቱ አዲስ አበባ ገብቶ መንገድ ሲዘጋ እዚያው ቀርቶ ነበር። ወሬውን የሰማው አሁን ሲመለስ ነው።
"ያጠቡት ሰዎች መናኝ ነው አሉ" አለኝ። "ጉልበቱ ጠጥሯል። ሲሰግድ የኖረ ሰው ነው ብለው..."
ጉልበቱ።
አብይ ከሄደ በኋላ ሱሪዬን ሰብስቤ የራሴን አየሁት።

ኅዳር 2
የኔአለም መጣች። ቅዳሜ እንኳን አይደለም! ምን አመጣት ዛሬ?
"ወሬ አለ?"
መርዶ በር ላይ አይነገርም። ከቢተው አጎት ከጋሽ ዓለምነው ጋር ተማክረናል፤ ነገ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የንስሐ አባቷ ባሉበት ነው። ዛሬን ልቻል። አንድ ቀን ነው።
"የለም" አልኳት።
"ዓይንህ ምን ሆነ?"
"የእንጨት ብናኝ ነው።"
ሄደች። አጥሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች። እኔም የማደርገው ስላጣሁ መዶሻዬን አነሳሁ... ባልዋሻትስ? ብቻዋን መንገድ ላይ ብትወድቅስ?

ኅዳር 3
ሳናንኳኳ ከፈተችልን። ለባብሳ ቆማ ነበር። ጋሽ ዓለምነው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እሷ የምታየው እኔን ነበር።
"ትናንት ነግረኸኛል" አለችኝ። "ሌሊቱን ልብሱን ሳጥፍ አደርኩ።"
ከዚያ ጮኸች። ያን ሁሉ ጊዜ ያፈነችው ነው የወጣው። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ።

ኅዳር 9
ሥራ ገባሁ። ዛሬም ተንኳኳ።
"ሰምቻለሁ ቢተው" አልኩት፣ ጮክ ብዬ። እትዬ ጥሩብርሃን ከወጥ ቤት ሰምተውኛል። ምሳ ሲያቀርቡ አብረውኝ ተቀመጡ።

ኅዳር 15
ከየኔአለም ጋር ጉንደ ወይን ደርሰን መጣን።
የቀበሩት አባ ዘመንፈስቅዱስ ይባላሉ። መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ነው፣ ወይራ ሥር። "መናኝ መስሎን ከቅርብ አኖርነው" አሉ፣ እንደ ማፈር ብለው።
"መናኝ አልነበረም አባ" አለች የኔአለም። "የሰው ቤት ወለል ነበር የሚሠራው። ተንበርክኮ።"
አባ መቃብሩን አዩት። "ይሁን" አሉ። "አናነሳውም።"
ከዚያ ስሙን ጠየቁን። እስካሁን ሲጸልዩለት "ያ እንግዳ" እያሉ ነበር። "የክርስትና ስሙ ማነው?" ብለው የዞሩት ወደ እኔ ነው።
አላውቅም።
ጎረምሳ ሳለን ጀምሮ አንድ ወለል ላይ ተንበርክከናል። ምን እንደሚያስቀው፣ የትኛው እጁ ቀድሞ እንደሚደክም አውቃለሁ። በምን ስም እንደተጠመቀ ግን ጠይቄው አላውቅም። ምን ዓይነት ጓደኛ ነኝ?
የኔአለም ነጠላዋን ከአፏ ላይ ዝቅ አደረገች።
"ወልደ ሩፋኤል" አለች።
አባ ቀስ ብለው ደገሙት። ጸሎቱን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፣ በስሙ። የኔአለም አላለቀሰችም። ስሙ በተጠራ ቁጥር ራሷን ትነቀንቅ ነበር፣ አዎ እሱ ነው እንደማለት።
ስንመለስ መኪና ውስጥ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደገፈች። የተኛች መስሎኝ ነበር።
"ያንተስ ማነው?" አለችኝ።
"ምኑ?"
"የክርስትና ስምህ።"
ነገርኳት። እንዳይጠፋባት ነው መሰለኝ፣ በከንፈሯ ደጋግማ አለችው።