እናቴ የመረቀችው መንገድ

ለመንገዶችና ለመዝናኛ ሥፍራዎች ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፤
ባሉበት (የት እንዳሉ ለማወቅ ብዙ ደክመን ስላልተሳካልን)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ወንበርዎም የማይቆረቁር ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። ወንበሩን ያነሣሁት ከሙያዬ ተነሥቼ ነው። የመኪና ወንበር ልባስ እሰፋለሁ፤ ሰው ሳይነሣ ብዙ ሲቀመጥ የትኛው ስፌት ቀድሞ እንደሚለቅ ስለማውቅ የእርስዎ ነገር ያሳስበኛል።

በአደባባይ፣ በጋዜጣ ለመጻፍ የደፈርሁት፣ ጽሕፈት ቤትዎ ለእናቴ በላከላት ማስጠንቀቂያ ላይ «ሥልጣን ሳይኖራት የሕዝብ መንገድ መርቃ በመክፈቷ» የሚል ጥፋት ተጽፎ ስላገኘሁ ነው። ጮክ ብዬ ሳነብላት «እስቲ ድገሚው» አለችኝ። ደገምሁላት። «ለጡረታዬ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አልተጻፈልኝም» ብላ ወረቀቱን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ አስገባችው። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ይቅርታ እንድትጠይቅም ያዛል። እንግዲህ ይህ እርሱ ነው፤ በእሷ ስም፣ በእኔ እጅ።

ይቅርታውን በቅጡ ለመጠየቅ ግን ጥፋተኛዋን ላስተዋውቅዎ ይገባል። እናቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ የነዳችው አንድ መስመር ነው፤ ከገበያው ትነሣለች፣ በሆስፒታሉ በኩል ትዞራለች፣ ተመልሳ ገበያው ትገባለች። አገር ምድሩን ወደሚሄድበት አድርሳ፣ እሷ የትም ሳትደርስ ጡረታ ወጣች። ጡረታውም አልተስማማትም። ከመኝታ ቤት ወደ ማዕድ ቤት፣ ከማዕድ ቤት ወደ በረንዳ ስትመላለስ ትውላለች፤ በየበሩ ላይ ደግሞ ሰው የምታወርድ ይመስል ቆም ትላለች። «አረፍ በይ» ስላት «ከምኑ?» ትለኛለች።

በዚህ ላይ የዓይኗ ነገር መጣ። ሐኪሙ የማየት አቅሟ ከዳር ከዳር እየጠበበ እንደሆነ፣ ለጊዜው በቀን ብርሃን መንዳት ቢፈቀድላትም መንጃ ፈቃዷ በሚታደስበት ጊዜ ፈተናውን እንደማታልፍ ሳይሸፋፍን ነገራት። እናቴ ሰምታው ስታበቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ «እስከዚያ በጋ አለ አይደል?»

የጽሕፈት ቤትዎ ውለታ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ሰሞን «በጋን በመንገድ» የተሰኘውን ባለቀለም መጽሔትዎን በየሱቁ አደላችሁ። ሐይቁ፣ ወደ ሐይቁ የሚወስደው አዲስ መንገድ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ያለው የዕይታ ሥፍራ፣ ዓሣ ለሚያጠምድ እንግዳ የተሠራው የእንጨት መድረክ፣ ሁሉም አለበት። ፀጉር አስተካካዩ አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ የሐይቁን ገጽ ቀድዶ መስታወቱ ላይ ለጠፈው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኞቹ ግማሽ ጭንቅላታቸው ተቆርጦ፣ ግማሹ ሳይቆረጥ፣ ስለ መንጠቆና ስለ ትል ሲማሩ ይቆዩ ነበር። አጎቴ ዓሣውን ፈለገ፣ እናቴ መንገዱን፣ እኔ ደግሞ ከክርና ከቆዳ ሌላ የሚታይ ነገር። እሱ «ዓሣ መንጠቆ የሚነክሰው ማልዶ ነው፣ ጎሕ ሳይቀድ እንነሣ» ሲል፣ እሷ «አሁኑኑስ ብንነሣ ምን ይለናል?» ትላለች። ስንቅ ሳልቋጥር ሞተር አስነሥታ ጥሩንባ የነፋችብኝ ጊዜም አለ። በመጨረሻ ለአሮጌዋ መኪናችን አዲስ ልባስ ሰፍቼላት ተነሣን።

አሁን ቅሬታዎቼን በትሕትና ላቅርብ።

አንደኛ፦ መንገድዎ እጅግ ያምራል። ከመገንጠያው ላይ ስንደርስ ጥቁር፣ አዲስ፣ ነጭ መስመሩ ያልተረገጠ አስፋልት ከፊታችን ተዘርግቶ አየን። ምልክቶቹ ሁሉ በፕላስቲክ ተጠቅልለዋል። መግቢያው ላይ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ቀይ ሪባን ተወጥሯል፤ ከሪባኑ አጠገብ አንድ ዘበኛ ጃንጥላ ሥር ተቀምጧል። እናቴ መስኮቷን አወረደች።

«ልጄ፣ መንገዱ አላለቀም እንዴ?»

«አልቋል፣ እማማ።»

«ታዲያ?»

«አልተመረቀም።»

«መቼ ነው የሚመረቀው?»

«ኃላፊው ሲመጡ።»

«መቼ ይመጣሉ?»

«ሲመቻቸው፣ እማማ።»

አሮጌው መንገድ የት እንደገባ ስንጠይቅ፣ አዲሱ ሲሠራ ተቆፍሮ ለሙሌት እንደዋለ ነገረን። ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ወደ ሐይቁ ለመድረስ የቀረን መንገድ «ሲመችዎ» የሚባለው ብቻ ሆነ፤ እርሱም በመጽሔቱ ካርታ ላይ የለም። የዋህ ስለሆንን ነገ ይመቻቸዋል ብለን ድንኳን ተከልን።

ሁለተኛ፦ ነገ አልተመችዎም። ስልካችንን አንሥታችሁ ስላነጋገራችሁን ግን ማመስገን አለብኝ፤ ማንም ሰው ሳያነሣው የሚጠራ ስልክ ብዙ ነው። ጸሐፊዎ በመጀመሪያው ቀን ስብሰባ ላይ እንዳሉ ነገረችን። በማግስቱ መስክ ላይ ነዎት ተባልን። አጎቴ ስልኩን ከእጄ ቀማኝና «እቴ፣ እኛም እኮ መስክ ላይ ነን፤ አላየናቸውም» አላት። ዘጋችበት።

በዚህ መሐል ከኋላችን ሌሎች መኪኖች ተሰለፉ። ለሐይቁ ዓሣ ነጋዴዎች በረዶ የጫነ አንድ ሹፌር ነበር፤ ጭነቱ ጠብ ጠብ እያለ ሥሩ ጭቃ ሆነ፣ በጭቃውም ላይ ሣር በቀለ ቢባል አልዋሽም። ለጫጉላቸው ሐይቅ ለማየት የወጡ ሙሽሮች ነበሩ፤ ሲመጡ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር፣ ቆይታው ሲረዝም ግን ስለ ድንኳኑ ገመድ መጨቃጨቅ ጀመሩ፤ ትዳርን ቀድሞ ስላለማመዳቸው ጽሕፈት ቤትዎ ምስጋና ይገባዋል። አንድ ጠዋት ቀይ ምንጣፍ፣ ድምፅ ማጉያና የክብር ወንበር የጫነ መኪና ሲመጣ ሁላችንም ተነሥተን ልብሳችንን አራገፍን። ከቀትር በኋላ ያው መኪና ምንጣፉን ጠቅልሎ፣ ወንበሩን ጭኖ ተመለሰ። መርሐ ግብሩ በድንገተኛ ጉዳይ ተላልፏል አሉን። ድንገተኛው ጉዳይ ምን እንደሆነ አልሰማንም፤ ለክፉ እንዳልሰጠዎ ተስፋ አደርጋለሁ።

እናቴ አልተቀመጠችም። ከመኪናው እስከ ሪባኑ፣ ከሪባኑ እስከ መኪናው ትመላለሳለች፤ በሣሩ ላይ የእግር መንገድ አወጣች። ዘበኛው «እማማ፣ ይህንንም ሪባን እንዳያስሩበት» ብሎ ያስቃት ነበር። አንድ ከሰዓት አጎቴ ሰማይ ላይ የሚያንዣብብ ትልቅ ወፍ አየና «እትዬ፣ እይው፣ ዓሣ በል እኮ ነው! ሐይቁ ቅርብ ነው ማለት ነው» አላት። ቀና አለች። «የቱ ጋ?» አለች። እሱ እጁን ዘርግቶ አሳያት። አንገቷን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዞረች። «የቱ ጋ ነው?» አለች ደግማ። ወፉ ግልጥልጥ ብሎ ይታይ ነበር። አጎቴ «ሄደ፣ እትዬ፤ አመለጠን» ብሎ ዋሻት።

እሷ ግን ሞኝ አይደለችም። ወደ ሪባኑ ዞረችና «መቀስህን አምጣ» አለችው።

«የፀጉር መቀስ ነው እኮ። ይደንዝብኛል።»

«አምጣ አልኩህ።»

ዘበኛው ብድግ አለ። «እማማ፣ እባክዎ፣ ከሥራዬ ያስባርሩኛል።» እናቴ መቀሱን ወደ ኋላዋ አደረገች። «አይ ልጄ፣ ምንም አላልኩህም። ውሃ ጠማኝ። ከበረዶው መኪና ቀዝቃዛ ውሃ ብታመጣልኝ?» አተኩሮ አያት። ከዚያ ኩባያውን አንሥቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚያወጣ እስኪመስል ድረስ ቀስ ብሎ ውሃ ሲቀዳ ቆየ። የጠማትን አሮጊት ማጠጣት በደንባችሁ የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ዘበኛውን ከመንካታችሁ በፊት ደንቡን እዚሁ ጋዜጣ ላይ እንድታወጡልን እለምናለሁ።

እናቴ ሪባኑን ቆረጠችው። ምረቃ ያለ ንግግር አይሆንም ብላ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረችና «መንገድ ነው፤ ሂዱበት» አለች። ሙሽሮቹ አጨበጨቡ፤ የበረዶው ሹፌር ጥሩንባውን ነፋ። ንግግሯ እርስዎ ካዘጋጁት እጅግ እንደሚያጥር ስለምገምት፣ በእሷ ፈንታ ይቅርታ የምጠይቀው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቢያዩ ኖሮ ለመሥራት የደከሙበት መንገድ ምን እንደሚሠራ ያውቁ ነበር። በከተማው ግፊያ ውስጥ እናቴ ከሦስተኛ ማርሽ አልፋ አታውቅም። በዚያ ከሰዓት አራተኛ አስገባች፤ ቀጥሎ አምስተኛ አስገብታ እጇን ከማርሹ ላይ ሳታነሣ ብዙ ቆየች። አጎቴ ከኋላ «እትዬ፣ ዓሣው አይሄድም፣ ቀስ በይ» ይላል። እሷ አትሰማውም። የሚያስቆማት ተሳፋሪ የለ፣ ደወል የለ፣ አዙሮ የሚመልሳት ገበያ የለ። ከአፋፉ ላይ ስንደርስ ወርዳ ቆመች፤ ዳሩ አይታያትምና ጭንቅላቷን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያዞረች ሐይቁን እንደ መስኮት በዓይኗ ወለወለችው። «ከፎቶው ይበልጣል» አለች። ለመጽሔትዎ ከዚህ የተሻለ አስተያየት አይመጣልዎትም።

አጎቴ ከእንጨቱ መድረክ ላይ መንጠቆውን ጣለ፤ ሰማዩም፣ ውሃውም፣ እሱም ጸጥ አሉ። እናቴ ግን አጠገቡ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች።

«ምነው አይመጣም?»

«ዓሣ አይቸኮልበትም፣ እትዬ። ሲመቸው ነው የሚመጣው።»

«አሃ» አለች፤ «ይሄም ኃላፊ ነው።»

ማበጠሪያ የሚያክል ዓሣ ወጣለት። አሳዘነውና መልሶ ለቀቀው፤ ለደንበኞቹ እንዴት አድርጎ እንደሚተርከው ግን ከወዲሁ ሲለማመድ ሰምቼዋለሁ። እናቴ ተነሥታ ከማዶ ያለውን ተራራ ትኩር ብላ እያየች «ከዚያ ኋላ ምንድን ነው ያለው?» አለች። እዚያም ሄድን። ከተራራው ኋላ ሌላ ተራራ ነበር። ከዚህ የበለጠ ደስ ያላትን ቀን አላስታውስም።

ሦስተኛ ቅሬታዬን ሳቅ ሳልቀላቅል ብጽፈው ይፍቀዱልኝ። በመመለሻችን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቴ መኪናዋን ዳር አስይዛ አቆመች። ሞተሩን አጠፋች። ወርዳ፣ በእጇ ኮፈኑን እየዳበሰች በፊት በኩል ዞረችና የእኔን በር ከፈተች። «መስመሩ ጠፋኝ» አለች። «አንቺ ንጂ።» ቦታ ተለዋወጥን። ቀበቶዋን አስራ እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች፤ እኔ እስከማውቀው ድረስ ያኔ ነው መጀመሪያ ሳይንቀሳቀሱ ያየኋቸው። ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠችም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። ሪባኑ ሥር ድንኳን ተክለን የቆየንባቸው ቀናት የማን ነበሩ? ብርሃን ያላቸው፣ ደረቅ፣ ለመንዳት የተመቹ ቀናት ነበሩ፤ እናቴም ሌላ አልነበራትም። ከጽሕፈት ቤትዎ ካዝና ይመለሱልኝ አልልም፤ እንደማይመለሱ አውቃለሁ። ለምን ሥራ እንደዋሉ ግን ቢነግሩኝ፣ ለእሷም ብነግራት፣ ደስ ይለኛል።

ማስጠንቀቂያዎ በተጨማሪ መንጃ ፈቃዷን እንደሚነጥቁ ይገልጻል። ክቡር ሆይ፣ እንደ መንገዱ ሁሉ ለዚህም ዘገዩ። ከሐይቁ በተመለስን ሳምንት ፀጉሯን አጎቴ ጋ ተሠርታ፣ ጥሩ ልብሷን ለብሳ፣ በራሷ እግር ሄዳ በመንጃ ፈቃድ ክፍሉ መስኮት በኩል አስረከበች። ማንም አላስገደዳትም፤ ማንም ቀይ ምንጣፍ አልዘረጋላትም።

እርስዎም በስተመጨረሻ መጥተው መንገዱን እንደገና መመረቅዎን ሰምተን ደስ ብሎናል። ይከፈት ዘንድ ከጠዋት እስከ ቀትር ተዘግቶ እንደዋለም የበረዶው ሹፌር ነግሮናል። ንግግርዎ ረዥም ነበር አለ፤ በረዶው ግን እንደ ልማዱ አልጠበቀም።

ለመንገዱ፣ ለመጽሔቱ፣ ለትዕግሥት ትምህርቱና እናቴን ከመራቂዎች ተርታ ላሰለፈው ማስጠንቀቂያ ያለኝን ከፍ ያለ ምስጋና ደግሜ እየገለጽሁ፣ ሲመችዎ ያነቡት ዘንድ በእጅጉ ዝቅ ብዬ የምጠብቅ፣

ታዛዥዎ፣
የመኪና ወንበር ልባስ ሰፊዋ፣
የመራቂዋ ልጅ

ማስታወሻ፦ ማስጠንቀቂያው ለመልስ እንድትቀርብ በቀጠራት ቀን እናቴ ከተማ ውስጥ አትገኝም። አሁን የምነዳው እኔ ነኝ፤ እሷ ከጎኔ ተቀምጣ ማርሽ ቀይሪ፣ አትቀይሪ እያለች ታሠቃየኛለች፤ አጎቴም ሱቁን ዘግቶ ከኋላ ተጭኗል። ተሠርተው አልቀው እርስዎን የሚጠብቁ ሌሎች መንገዶች ካሉ በአድራሻዬ ቢያሳውቁን፣ ከእርስዎ ቀድመን እንደምንደርስ አልጠራጠርም።