ጥርስ ያለው ክብ

ለውድ እህቴ ለዲና፦ ከባለቤትሽና ከልጆችሽ ጋር ሐዋሳ ላይ በጌታ ሰላም እንደምትገኙ አምናለሁ። እኔና እማዬ ደህና ነን፤ ሰፈራችን ጎሮም ከነአቧራዋ እንዳለች ናት።

ተከራያችን የነበረው ቀያሹ ሙራድ ቤቱን ሲለቅ ጥሏቸው የሄዳቸውን ካርታዎች ማንበብ ተምሬአለሁ። ጎረቤታችን ሸሪፋ፣ «አንቺ፣ የቤትሽን ካርታ ሳታገኚ የአገሩን ታነቢያለሽ!» ብላ ሳቀችብኝ። አገሩን ሁሉ አሳንሶ በሚያሳየው በትንሹ ስኬል ካርታ ሰፈራችን ሜዳ ነው፤ አንድም የከፍታ መስመር አያልፍበትም። በመካከለኛው ወደ ወንዙ የሚወርድ ተዳፋት ይሆናል። ቤቶቹ ከመሠራታቸው በፊት በተሣለው፣ ሰፈሩን አቅርቦ በሚያሳየው በትልቁ ግን ጥርሶቹ ወደ ውስጥ የዞሩ ክብ መስመር አለ። እንዲህ ያለው መስመር ጎድጓዳ መሬት ማለት ነው። ከወንዙና ከመንገዱ ተነስቼ ለካሁት፤ የእማዬ መኝታ ቤት መሀሉ ላይ ነው።

ከክረምቱ ወዲህ የልብስ እጣቢ ስደፋ ወደ መንገድ አይወርድም። ወደ እማዬ ግድግዳ ይሄድና ድምፅ ሳያሰማ ይጠፋል። በሯም ብቻውን ይከፈታል። ጆሮዋ እንደደከመ ታውቂያለሽ፤ ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ «ገንዘቤ፣ ከወለሉ ስር የሚያንኳኳው ማነው?» አለችኝ። ሳሎን እንድትተኛ ብለምናት፣ «አባትሽ የሠራው ቤት ነው፤ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለች።

ለበዓሉ ልጆቹን ይዘሽ እንዳትመጪ፤ ሌላ ጊዜ ይደርሳል። ይልቅ ይህ እንደደረሰሽ ለእማዬ ደውለሽ አመመኝ፣ ነይልኝ በያት። እኔን እምቢ ብትልም ለአንቺ ጫማዋን ሳታጠልቅ ትነሳለች። ውሸቱን ጌታ ይቅር ይለናል።

ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ጸጋው ይብዛላችሁ። እኔ ቤቱን እጠብቃለሁ።

እህትሽ ገንዘቤ