ፈቲያ የወሰደችው ግማሽ ትምህርት

ማክሰኞ

ፈቲያ የእኔን ትምህርት አስተማረችው። በእኔ ፊት፣ በመምህራኑ ሁሉ ፊት፣ ድምፅዋ አንዴም ሳይንቀጠቀጥ።

በሥርዓት ልጻፈው። የትምህርት ክፍላችን ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን በሚያዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሕዋስ ክፍፍል አንድ ምዕራፍ አለ። ጸሐፊው የሚመረጠው በናሙና ትምህርት ነው። ተወዳዳሪዎቹ እኔና ፈቲያ ነን፤ ሐረር ውስጥ ፈላና በር አብረን ያደግን፣ ዛሬም በአንድ ቢሮ የምንሠራ።

ባለፈው ሳምንት ቤታችን መጥታ እንዴት ላስረዳው እንዳሰብኩ ጠየቀችኝ። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን የእናቴን ምንጣፍ አሳየኋት። በእኛ በሐረሪዎች ቤት ምንጣፍ እዚያ ካለ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ቤቱ ያው ቤት ነው፤ የተጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው የሚያይበት ዓይን ግን ይለወጣል። ካይኔዝ የሚባሉት ኢንዛይሞችም ፎስፌት የተባለችውን ትንሽ ኬሚካል ፕሮቲን ላይ ሲለጥፉ የፕሮቲኑ ቅርፅና ሥራ ይለወጣል።

ዛሬ ይህንኑ ተናገረች። «በእኛ ቤት» አለች። አንዱ ጫፍ ተተልትሎ መንጠልጠሉን እንኳ አልተወችም። እሷ ካገባች ቆይታለች፤ የእናቷ ምንጣፍ ያኔውኑ ወርዷል። የተተለተለው የእኛ ነው።

ሁሉም አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ።

ረቡዕ

ተራዬ ነገ ነው። ምሳሌውን ብደግመው ቀጂ እባላለሁ። ብተወው ባዶ እጄን እቆማለሁ። ብከስሳት ማስረጃ የለኝም።

ለእናቴ ነገርኳቸው። ፈቲያን ይቆጣሉ ብዬ ነበር።

«ምንጣፉ የኔ፤ ስታወሩበት ማን አስፈቀደኝ?» አሉ። ቀጥለውም፣ «ደግሞ አንቺ እያለሽ መቼ ሊወርድ ነው? ማስተማሪያ ሆኖ ቀረ እንጂ።»

አኩርፌ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያን ቀን ልጅቷ ስታገባ ምንጣፉ እንደሚወርድ፣ ፎስፌቱም እንዲሁ እንደሚነሣ ሳልነግራት የእናቴ አፎቻ ሴቶች ለመረዳጃ ስብሰባቸው መጡና ክፍሉን ለቀቅንላቸው። ፈቲያ የሰማችው ግማሹን ነው። ትናንት «ፎስፌት ከተለጠፈ ሁልጊዜ ሕዋሱ ይከፈላል» ብላ የደመደመችውም ለዚህ ነው። ስህተት ነው።

ሐሙስ

አስተማርኩ። ምንጣፍ የሚለውን ቃል አላነሣሁም።

ሕዋሱን ወደ ክፍፍል የሚያስገባው ዋናው ካይኔዝ ራሱ በፎስፌት ይታገዳል። ዲኤንኤው ተባዝቶ እስኪያልቅ፣ የተጎዳውም እስኪጠገን እንደታሰረ ይቆያል። ፎስፋቴዝ የተባለ ኢንዛይም እገዳውን ሲያነሣለት ይፈታል። በሌላ ቦታ የተለጠፈ ፎስፌት ግን ያንኑ ካይኔዝ ለሥራ ያበቃዋል። ስለዚህ መለጠፉ ብቻ ሳይሆን የት እንደተለጠፈም መታወቅ አለበት። እገዳው ያለጊዜው ከተነሣ ሕዋሱ ጉዳቱን ይዞ ይከፈላል።

ፈቲያ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ማስታወሻ ትይዝ ነበር።

ዓርብ

ኃላፊያችን ምዕራፉን ሁለታችሁ አብራችሁ ጻፉት አሉ። የእኔ ከእሷ የቀጠለ ስለሆነ ትምህርታችን ተመካክረን ያዘጋጀነው መስሏቸዋል። ፈቲያ ቀና ብላ ሁልጊዜም እንመካከራለን አለቻቸው።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቤት መጣች። እንደ ወትሮዋ መደቡ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

«አኮረፍሽ እንዴ?»

ምሳሌው የእኔ እንደነበር ነገርኳት።

«ወላሂ፣ አብረን ያወጣነው ነው የመሰለኝ። ምንጣፍ የማያውቅ ሐረሪ አለ እንዴ?»

«‹በእኛ ቤት› ያልሽውስ?»

«እዚህ ቤት አይደል እንዴ ያደግሁት?»

እየዋሸች ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ዓይኗን አየሁት፤ ያለችውን ታምናለች። ልጅነታችንን ሁሉ እንዲህ ስትወስድብኝ ኖራ ይሆን?

ቅዳሜ

ጠዋት ለኃላፊው ደውዬ ብቻዬን ካልሆነ አልጽፍም አልኳቸው። እንግዲያው ፈቲያ ብቻዋን ትጽፈዋለች አሉኝ፤ ያለ ቁጣ።

ያ «ሁልጊዜ ይከፈላል» ያለችው ስህተት ታትሞ የገጠር ወረዳዎቹ ሶፊና ድሬ ጠያራ ድረስ ይደርሳል። መምህራኑ አምነውት ያስተምሩታል፤ ልጆቹም ለፈተና ይሸመድዱታል። ስልኩን ሳልዘጋ ሐሳቤን ቀየርኩ። እሷ የምትጽፈውን እኔ ሳላርመው እንዳይወጣ፣ ከምሳሌውም ሥር ስሜ እንዲሰፍር ጠየቅሁ። ማረሙን ተቀበሉ። ስለ ስሙ ፈቲያን አነጋግራለሁ አሉ።

እስካሁን አልደወሉም። የእገዳውን ክፍል ብቻዬን ጀምሬዋለሁ፤ አንድ ገጽ ሄጃለሁ፤ ጥሩ ነው።

አሁን እናቴ ከማድቤት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ፈቲያ ለሥራው የምትመጣ ከሆነ ምሳ ልጨምር ወይ አሉኝ።

ዛሬ አይሁን አልኳቸው።