ባለጣራው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው

እትዬ፣ የእናቴ ምትክ፣ እንዴት ነሽ? እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት አስቻለሽ ወይስ አሁንም መሃል ላይ ቆመሽ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ሰላም እያልሽ ታርፊያለሽ? የምትሠሪበት ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ወረፋስ ትንሽ ቀለል አለልሽ? አባባ እንዴት ነው? ጆሮው እንደ ድሮው የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚሰማው? ልጆቹስ? ባለቤትሽስ፣ እሱም መኪናውም ደህና ናቸው? እኔ ለጤናዬ ከሆነ ተመስገን ነው፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። ናፍቆቱን የሚያክም ሐኪም ግን በሰው አገር በኖርኩበት ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አላገኘሁም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ብትዪ፣ ስልኩን አላነሳሽልኝማ። አራት ወር ሞላ። በደወልኩ ቁጥር የምታነሳው ትልቋ ልጅሽ ናት፤ እማዬ ሥራ ላይ ናት ትለኛለች። እሑድ ጠዋት ምን ሥራ አለ? ደግሞ ልጅቷ መዋሸት አልለመደባትም፤ እሷ እያወራች ከኋላዋ የአንቺ ሳል ይሰማኛል። መጀመሪያ በኔትወርኩ አሳበብኩ፣ ቀጥሎ በድካምሽ አሳበብኩ፣ አሁን ግን የማሳብብበት አጣሁ። ተቀይመሽኛል፤ ልክም ነሽ። ይህ ወረቀት የሚመጣው ይቅርታሽን ሊለምን ነው። ብቻ ነገሩ እንዳይምታታብሽ ከመጀመሪያው ላውጋሽ።

ሰሞኑን የምሠራበት ሲኒማ ቤት ሰው ሁሉ አብዷል። ባለጣራው እንደገና ሊመጣ ነው! ያ ጭምብል አድርጎ ከጣራ ጣራ የሚዘለው የእኛ ባለጣራ። እዚህ የሚጠሩት በሌላ ስም ነው፤ እኔ ግን አንቺ ካወጣሽለት ስም ሌላ አፌ አይለምድም። የድሮው ፊልም አርጅቷል ተብሎ በአዲስ ተዋናይ፣ በአዲስ ካፖርት፣ ታሪኩን ከሀ ጀምረው እንደ አዲስ ሠርተውታል። ነገ ዓርብ ይከፈታል። ሁለት ወር ሙሉ መግቢያው ላይ የቀረውን ቀን የሚያሳይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ በየጠዋቱ ቁጥሩን የምቀይረው እኔ ነኝ። ትኬት ቆራጭነትና ወንበር ሥር መጥረግ ላይ ይህ ሹመት ተጨመረልኝ። ቁጥሩን ስቀይር ቆመው የሚያጨበጭቡ አሉ ብልሽ ታምኛለሽ?

አንድ ቧንቧ ሠራተኛ አለ፤ ሃምሳን የተሻገረ፣ የልጅ ልጅ ያየ ሰው ነው። ራሱ የሰፋውን ግራጫ ካፖርት ለብሶ፣ ኪሱ ውስጥ የቧንቧ መፍቻውን እንደያዘ፣ ከሥራ ሲመለስ ሳይገባ አያልፍም። ያን የሚያህል ሰሌዳ ፊቱ ተገትሮ፣ ስንት ቀን ቀረው? ብሎ እኔን ይጠይቀኛል። የአዲሱ ካፖርት ቀለም ሰማያዊ መሆኑ እንቅልፍ ነስቶታል። ተማሪዎቹ ደግሞ ጭቅጭቃቸው በተዋናዩ ቁመት ነው፤ ይሄ አጭር ከጣራ ጣራ ሊዘል መሰላል ሊይዝ ነው ወይ ይላሉ። እስቃለሁ፣ ግን ከእነሱ አልተሻልኩም፤ እኔም ጠዋት ስነሳ ፊቴን ሳልታጠብ የምቆጥረው የቀረውን ቀን ነው። ልዩነታችን እነሱ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ እየተጨቃጨቁ፣ ትከሻ ለትከሻ እየተገፋፉ መጠበቃቸው ነው። እኔ የምጠብቀው ብቻዬን ነው። አብራኝ መጠበቅ የነበረባት ሰው ስልክ አታነሳም።

ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን መቼም ይረሳሻል አልልም። ከአንድ ቴሌቪዥን፣ ከአንድ ዴክና ከሁለት ካሴት ሌላ ሀብት አልነበረውም፤ አንደኛው ካሴት የገዛ ሠርጉ፣ ሁለተኛው ባለጣራው። ሚስቱ ጥላው ከሄደች በኋላ ሠርጉን ተወና ባለጣራውን ብቻ ያጫውት ጀመር። አቧራ ጨርቁን እንዳያበላሽበት መስኮቱን ግጥም አድርጎ ስለሚዘጋ፣ እኛ ውጪ በተደፋ ሳፋ ላይ ቆመን የምናየው ምስሉን ብቻ ነበር። ድምፁ ቢሰማንም ኖሮ ቋንቋውን አናውቀውም ነበር። አንቺ ግን ታውቂ ነበር፤ እኔ እንደዚያ አምን ነበር። ከኋላዬ ቆመሽ፣ አገጭሽን አናቴ ላይ አሳርፈሽ፣ ባለጣራው አፉን በከፈተ ቁጥር ምን እንዳለ ትነግሪኛለሽ። እናቱ ታማ ሩቅ ሐኪም ቤት ሄዳለች፤ ጣራ ለጣራ የሚዞረው ስትመለስ ቀድሞ ሊያያት ነው አልሽኝ። እስከዚያ ድረስ እኔ ጣራ ጠጋኝ መስሎኝ ነበር። ያን ጊዜ የእኛም እናት ሐኪም ቤት ነበረች፣ አባባም ከአጠገቧ አይነሳም። ስለዚህ ምኑም አልገረመኝም፤ ባለጣራው የእኛው ቤት ሰው ነበር።

እንግዲህ የዛሬ አራት ወር አዲሱ ፊልም እንደሚመጣ ሲታወጅ፣ ሲኒማ ቤታችን የድሮውን አንድ ቅዳሜ እንደገና አሳየው። ወረፋው ላይ ሁሉም የሚወደውን ቦታ ያወራል። እኔም ትኬት እየቆረጥኩ ምላሴ አላስቀምጥ አለኝና፣ እናቱን ከጣራ ላይ ሆኖ የሚጠብቅበትን የመሰለ የለም አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። የምን እናት? አለ ቧንቧ ሠራተኛው። አስረዳሁ፤ ባስረዳሁ ቁጥር ሳቁ ባሰ። ፈንዲሻ ሻጯ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜን ትታ የእናቱ ልጅ ነው የምትለኝ። አላመንኳቸውም። በሩን ተደግፌ ያንን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ከነድምፁ አየሁት፤ ዛሬ ቋንቋውን አውቃለሁ። ባለጣራው እናት የለውም። አልማዝ የሰረቁ ሰዎችን የሚያሳድድ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው። አንቺ ነርስ ናት ያልሽኝ ነጭ ለባሿ የሌቦቹ አለቃ ናት! ጣራ ላይ ቆሞ የሚናገረው፣ እኔ ልጅ ሆኜ በቃሌ የያዝኩት ያ ረጅም ንግግር፣ ስለ አንድ ድልድይና ስለ ፈንጂ ነው።

ከኮሪደሩ ሆኜ ደወልኩልሽ። በቀልድ ነበር የጀመርኩት፤ ግን ሰው የሳቀበት ሰው ቀልዱም ይመራል። ይህን ሁሉ ዓመት ውሸትሽን ተሸክሜ ዞርኩ፣ በሰው ፊት አሳፈርሽኝ፣ ከየት አምጥተሽ ነው የቀባጠርሽው? አልኩሽ። አንቺም፣ እሺ፣ ወደ ሥራህ ተመለስ አልሽና ዘጋሽው። እኔ ጅሉ፣ ሥራ በዝቶባት ነው ብዬ ፈንዲሻዬን እየቃምኩ ተመለስኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? ሁለቱም ደርሰውብኛል፤ ፎቶዬን ስልክልሽ ታያለሽ።

ትናንት ጠዋት ነው ዓይኔ የተገለጠው። የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ሲያንኮራፋ ሰንብቶ፣ ጠጋኙ ፈታትቶ መሬት ላይ ዘርግቶታል። ፊልሙን የሚለቀው ኦፕሬተር ደግሞ፣ ቢያንስ ምስሉን ሳላይ ነገ ሰው አላስገባም ብሎ አዲሱን ባለጣራ ያለ ድምፅ ለቀቀው። ቧንቧ ሠራተኛው ዓይኑን ቢጠየቅ የሚሰጥለትን ፊልም፣ እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ አየሁት። ሰውየው ጣራ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አፉን ሲከፍት፣ አናቴ ላይ አገጭሽን ጠበቅሁ። አልመጣም። እስቲ ራሴ ልሙላለት ብዬ ሞከርኩ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ሁለት ቋንቋ እናገራለሁ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር አቃተኝ።

ያን ጊዜ ነው ያቺ ከሰዓት በኋላ የመጣችብኝ። ቤታችን በሰው ተሞልቶ ነበር። ሰፊው እንኳ ሥራውን ትቶ፣ ፊልሙን ለእኛ ከፍቶልን፣ እሱ አባባ ዘንድ ሊቀመጥ ሄዷል። መጨረሻው ላይ ባለጣራው ጭምብሉን ሲያወልቅ ድምፅሽ እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። እናቴ ከእንግዲህ አትመጣም እያለ ነው አልሽኝ። በጣም ደክሟት ነው እንጂ ጠልታኝ አይደለም ይላል አልሽኝ። ታዲያ ማን ያሳድገዋል? አልኩሽ። እህት አለችኝ ይላል አልሽ። ምግብ መሥራት ትችላለች ወይ ስልሽ፣ ታሳርራለች፣ ግን ትማራለች ይላል አልሽኝ። እኔም እሺ ብዬ ከሳፋው ወረድኩ።

ትልልቁ ሰው ሁሉ ለልጁ ማን ይንገረው እያለ ሲንሾካሾክ፣ እኔ ተነግሮኝ አልቆ ነበር። እናታችን መሞቷን ማን እንደነገረኝ ይህን ሁሉ ዓመት ጠይቄ አላውቅም፤ ሁልጊዜ የማውቀው ነገር ይመስለኝ ነበር። አንቺ ነሽ እትዬ። አባባ አፉን መክፈት ያቃተውን አንቺ በዚያ መስኮት፣ በባለጣራው አፍ ነገርሽኝ። እኔ ደግሞ ያንኑ ከየት አምጥተሽ ቀባጠርሽው አልኩሽ። መጥረጊያዬን ተደግፌ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ኦፕሬተሩ ከላይ ሆኖ፣ ይህን ያህል ያሳዝናል እንዴ፣ ሰው ነገ መሀረብ ይያዝ? ብሎ ጮኸብኝ።

ይቅር በይኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ የተናገርኩትን መልሼ አልውጠውም፤ ግን ይቅር በይኝ። ነገ ለሠራተኛ አንዳንድ ወንበር በነፃ ተሰጥቶናል፤ የእኔን ለቧንቧ ሠራተኛው ሚስት ሰጥቻለሁ። እኔ በሩ ላይ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቄ ትኬቴን እቆርጣለሁ። ያየሁት ቦታ እንዲህ ነው፦ ባለጣራው ጣራው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አንድ ሽማግሌ በመሰላል እየተንጠለጠለ ይወጣና አጠገቡ ይቀመጣል፣ አንድ ጫማውን አውልቆ መሃላቸው ያስቀምጣል። ባለጣራው ሳያየው አጭር ነገር ይናገራል። ሽማግሌው ይስቃል፣ ከዚያ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ይደፋል። ምን ብሎት ነው? አንቺ እስክትነግሪኝ ድረስ ከጆሮዬ ጥጡን አላወጣም፤ ፊልሙ ደግሞ በቀን አምስት ጊዜ ነው የሚታየው፣ እዘኚልኝ።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ባይሰማሽም ጮክ ብለሽ ስሜን ንገሪው። ባለቤትሽን፣ ቀስ ብለህ ንዳ ብሎሃል በይልኝ። ትልቋን፣ መዋሸቱን ተይው፣ አያምርብሽም ብሏል በያት። ለትንሹ፣ ለዚያ ለጥርሰ ወላቃው፣ የባለጣራውን ጭምብል ከዚህ ጋር ልኬለታለሁ፤ ለፊቱ ሰፋ ቢል ያድግበታል።

ፖስታውን ላሽግ ስል አንድ ነገር እጄን ያዘኝ። ለእኔ አንቺ ነበርሽልኝ። አንቺም ያን ቀን አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር። ለአንቺ ማን ነገረሽ እትዬ?

ታናሽ ወንድምሽ፣ ትኬት ቆራጩ
ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ሐሙስ፣ ጥቅምት 21 ቀን